ከስምንት ሣንቲሜትር የማይበልጥ

ሰኞ፣ 57ኛ ቀን

ከመቶ ሃያው የሙከራ ቀን ሃምሳ ስድስቱ አለቀ። ይህን ደብተር የጀመርኩት ሆዴ ውስጥ የሚመላለሰው ነገር ቦታ ስላጣ ነው። ለእማዬ ብነግራት እስከ ማታ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ይሰማዋል። ለቀለሜ አልነግራት፤ ነገሩ እሷው ናት።

እኔና ቀለሜ ሕግ አብረን ተማርን። ሦስት ዓመት አንድ ዶርም ተኛን፤ እሷ ከላይ አልጋ፣ እኔ ከታች። በአንድ ቀን ተመረቅን፤ በአንድ ቀን የከተማው አስተዳደር የደንብ ክፍል በሙከራ ተቀጠርን። ቋሚው ቦታ አንድ ነው። ውጤቴ ከሷ ይበልጣል። በትንሹ ነው፣ ግን ይበልጣል፤ ወረቀቱም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

«ቀለሜ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አንደኛ ዓመት ላይ፣ ለፌዝ። ስሙን እዚህ ድረስ ይዛው መጣች። አሁን ኃላፊው ሳይቀሩ እንደ ማዕረግ ይጠሯታል። እኔን ጸሐፊዋ «አዲሷ» ትለኛለች። በአንድ ቀን፣ በአንድ በር! እንዲያውም በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ 58ኛ ቀን

ሥራ ተሰጠን። ኃላፊው አዲሱን ደንብ ቆመው አነበቡልን (ደንብ ሲያነቡ ይቆማሉ፤ ማመልከቻ ሲሆን ይቀመጣሉ)። «ከመኖሪያ ቤት ውጪ የሚያዝ ታጣፊ ሰንጢ፣ የስለቱ ርዝመት ከስምንት ሣንቲሜትር የማይበልጥ ይሆናል።» ከዚያ በላይ የሆነ ስለት ከሥራ ዕቃ ጋር ታስሮ ካልሆነ በኪስ መያዝ ክልክል ነው።

ከድልድዩ ማዶ ያለው አስተዳደር ግን አሥር ይፈቅዳል። ዘጠኝ ሣንቲሜትር ሰንጢ የያዘ ሰው ከማዶ ሲነሳ ጨዋ ነው፤ ድልድዩ መሐል ሲደርስ ጥፋተኛ። ድልድዩ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ሱቅ ነገሩ ከሁላችን ቀድሞ ስለገባት የሰውን ሰንጢ ትቀበልና ቁራጭ ካርቶን በክር አስራ በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። ባለቤቱ ሲመለስ ይወስዳል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር ደንብ ክፍል መቀጠር የነበረበት።

የእኛ ሥራ ደንቡን ለሕዝቡም ለደንብ አስከባሪዎቹም በሚገባ መንገድ ማስረዳት ነው። «አብራችሁ» አሉ ኃላፊው።

አብራችሁ። ሁለት ሰው ሲያወዳድሩ ከርመው፣ አብራችሁ!

ሐሙስ፣ 60ኛ ቀን

አራት ገጽ ጽፌያለሁ። ርዕሱ «የስለት ርዝመት ከየት ተነስቶ ይለካል?» ደንቡ ይህን አይልም። ከእጀታው ጀምሮ ነው? ወይስ የተሳለው ክፍል ብቻ? ሁለቱም አቋም ምክንያት አለው። አምስት ምሳሌ ሰጥቻለሁ። ቀለሜ አንድ መስመር አልጻፈችም። ከበር ጠባቂዎቹና ከአስከባሪዎቹ ጋር ሻይ ስትጠጣ ዋለች። ሰኞ እናያለን።

ሰኞ፣ 64ኛ ቀን

አየን።

ኃላፊው አራቱን ገጽ ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ተቀመጡ።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉ፤ ወደ ቀለሜ ዞሩ። «አንቺስ?»

«ጌታዬ፣ አስከባሪው ዝናብ ላይ ቆሞ አራት ገጽ አያነብም» አለች። «ሰውየው ፊቱ ቆሞ ይጮህበታል፣ ከኋላ ሰልፍ አለ። በኪሱ የሚይዘው መለኪያ እንስጠው። ልክ ስምንት ሣንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርቆሮ። አንዱን ጫፍ ስለቱ ከእጀታው ከሚወጣበት ማስጠጋት ነው፤ ሹሉ ከቆርቆሮው ካለፈ ረዘመ፣ ካላለፈ ደህና ግባ።»

ኃላፊው ሳቁ። ጸሐፊዋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ የኔም ነው ሊባል ይችላል። ከእጀታው ጀምሮ መለካት ይሻላል ብዬ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጽፌያለሁ። ቆርቆሮ አላልኩም እንጂ።

እማዬ ደወለች። «ጓደኛሽስ ደህና ናት? እናቷን ገበያ አገኘኋት፣ ፊቷ በርቶ። ልጄን ኃላፊዋ ወደዷት አለችኝ።» «እኔንም ይወዱኛል» አልኳት። «እንዴታ የኔ ልጅ» አለች፤ የሚያጽናኑበት ድምፅ ነው።

ማክሰኞ፣ 65ኛ ቀን

ንድፉን እንድሥል ታዘዝኩ። «እጇ አይንቀጠቀጥም፣ መስመሯ ያምራል» ያለችው ቀለሜ ናት። ሙገሳ መሆኑ ነው። እሷ ታስባለች፣ እኔ አሰምራለሁ።

ማስመሪያ ፍለጋ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄድኩ። አሮጌ የእንጨት ማስመሪያ ሰጠችኝ። «አንቺ አዲሷ፣ ይቺን ማስመሪያ ስትይዢ…» ብላ ስትጀምር፣ «እትዬ፣ ማስመሪያ አያያዝ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ» አልኳት። ኩም አለች። ትንሽ ደስ አለኝ።

በአንድ ወረቀት ላይ ንጹሕ ሥዕል ሠራሁ። ታች ጥግ ላይ «ተለክቷል» ብዬ ቀኑንና የስሜን የመጀመሪያ ፊደል አሰፈርኩ። የሚያምር ሥራ ነው፣ ባልናገረውም።

ዓርብ፣ 68ኛ ቀን

የመለኪያው ማዘዣ ደብዳቤ ለቆርቆሮ ሠሪው ወጣ። «ያዘጋጀችው» በሚለው ስር የማን ፊርማ? የቀለሜ። የማን ስም የለም? የኔ።

አንድ ወር ሙሉ ብሠራ ስሜ ከወረቀት ጥግ አያልፍም።

ዓርብ፣ 75ኛ ቀን

ስድሳ መለኪያ ተሠርቶ መጣ፤ ንድፉም ከቆርቆሮ ሠሪው ተመልሶ ፋይል ገባ፤ መለኪያዎቹ ማኅተም ተመትቶባቸው ታደሉ። በስብሰባው ኃላፊው አንዱን ከፍ አድርገው «ይቺ ቁራጭ ከመቶ ገጽ ትበልጣለች» አሉ። አራት ነበር የኔ። መቶ ማን ጻፈ?

ቀለሜ ተነሥታ «ንድፉን የሠራችው ጓደኛዬ ናት» አለች። ሁሉም ዘወር ብሎ አየኝ። ምጽዋት የተሰጠኝ መሰለኝ።

እሑድ፣ 77ኛ ቀን

ደስ ያለኝ ቀን ስለሆነ ልጻፈው።

የምኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ከኔ ክፍል ትይዩ፣ ሶፋ የሚያድሱ ሰው አሉ። ሰፈሩ «ጋሼ ሶፋ» ይላቸዋል። ቀኑን ሙሉ አፋቸው ውስጥ ምስማር ይዘው ያወራሉ፤ እንዴት እንደማይውጡት እንጃ። እኔን «ጠበቃዬ» ነው የሚሉኝ። በዚህ ከተማ በማዕረግ የሚጠራኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዛሬ ሰንጢያቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። «ጠበቃዬ፣ አዲስ ሕግ ወጣ አሉ። ይቺ ቢላዬ ትታሰራለች ወይስ ትፈታለች?»

የጨርቅ መለኪያ ሜትራቸውን ተቀብዬ ከእጀታው እስከ ሹሉ ለካሁ። ሰባት ሣንቲሜትር ከስምንት ሚሊሜትር።

«ነፃ ናት» አልኳቸው። «ሁለት ሚሊሜትር ይተርፋታል። ሙሉ መብት አለዎት።»

«ስገዛት ዘጠኝ ነበረች» አሉ እየሳቁ። «ሃያ ዓመት ስስላት አለቀች። ሕጉን አውቃ ነው መሰል ራሷን ስታሳጥር የኖረችው።» በየሰው ቤት እየዞሩ ስለሚሠሩ ሰንጢዋ ከኪሳቸው አትለይም። ስፖንጅም ጨርቅም ክርም በሷ ነው።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለሚስታቸው «አየሽ፣ የተማረ ጎረቤት» ሲሉ ሰማኋቸው። ቀለሜ ይህን ብትሰማ።

ሐሙስ፣ 81ኛ ቀን

ምሳ ሰዓት። ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ጋሼ ሶፋን የአውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ያዟቸው። ቆርቆሮውን አስጠጉ፣ ሹሉ አለፈ። ቢላዬን አልሰጥም፣ ተለክታለች፣ ልክ ናት ብለው መልሰው ሳቡ። አሁን ሁለት ክስ ነው፤ የረዘመ ስለት መያዝ እና አስከባሪን ማወክ። ቀጠሮ ከአራት ሳምንት በኋላ። የሥራ ፈቃዳቸው የሚታደሰው በዚህ ወቅት ነው፤ ጥፋተኛ ከተባሉ አይታደስም። ሚስታቸው ነች ጠዋት ግቢያችን በር ላይ ቆማ የነገረችኝ። ዓይኔን አላየችም።

ሰባት ከስምንት ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓርብ፣ 82ኛ ቀን

ተሳስታለች! ቀለሜ ተሳስታለች!

አንድ መለኪያ ተውሼ ቤት ወሰድኩት። በሜትር ለካሁት። ሰባት ከግማሽ። ገልብጬ ለካሁ፣ ሰባት ከግማሽ። ስምንት አይደለም! በከተማው ያለው አስከባሪ ሁሉ በአጠረ ቆርቆሮ ሰው እየያዘ ነው፤ ማዘዣው ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የቀለሜ ነው። ያቺ ከመቶ ገጽ የምትበልጥ ቁራጭ!

ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በመስኮት የጋሼ ሶፋን በር ሳየው ሳቄ ቆመ።

ቅዳሜ፣ 83ኛ ቀን

ንድፉን የሠራው ማን ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ንድፍ ረቂቅ ነው። በአስተዳደር ሕግ ኃላፊነት የፈራሚ ነው፤ ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ደግሞስ ቆርቆሮ ሠሪው አሳጥሮት ቢሆንስ?

እንድፈርም ጠይቃኝ ነበር። ለትክክለኛነት ያህል ልጻፈው። «ሁለታችንም እንፈርም» ብላ ብዕሩን ሰጥታኝ «ሐሳቡ ያንቺ ነው፣ አንቺው ፈርሚ» ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ያልኩት በምን ድምፅ እንደሆነ ገብቷታል።

ማክሰኞ፣ 86ኛ ቀን

የንድፉን ወረቀት ለጊዜው ከፋይሉ አውጥቼዋለሁ። እንዳይበላሽ ነው። መዝገብ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል።

ቤት ለካሁት። ሰባት ከግማሽ። ቆርቆሮ ሠሪው የተሰጠውን ነው የሠራው።

አልገባኝም። ስምንት ላይ ነው ምልክት ያደረግኩት። ቁጥሯን አስታውሳለሁ፤ ስምንት።

ወረቀቱ እዚህ ደብተር ውስጥ ነው፤ አሁን የምጽፍበት ገጽ ስር ይንሿሿል።

ሰኞ፣ 92ኛ ቀን

የተያዙ ሰንጢዎች ሣጥን ሞላ። አርባ አንድ። አትክልተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ መጽሐፍ ጠራዥ፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ብርቱካን ልጬ ብበላበት ምን አጠፋሁ?» ብላ መስኮቱ ላይ ቆማ ጮኸች። ኃላፊው ቅሬታዎቹን ተቀምጠው አነበቡ።

ከሥራ ስወጣ ይዘንብ ነበር። ቀለሜ ጃንጥላዋን ዘርግታ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው። «ነይ እንጂ፣ ትረጥቢያለሽ» አለች። ግማሹን ጃንጥላ ሰጥታኝ ግራ ትከሻዋ ረጠበ። ለምን እንዲህ ትሆናለች? ትንሽ ክፉ ብትሆን ምናለ። ሥራዬን ታቀልልኝ ነበር።

ሐሙስ፣ 95ኛ ቀን

ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። በእጇ መለኪያና ሜትር ይዛለች። ክው አልኩ።

«አጥሯል እኮ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግማሽ ሣንቲሜትር። ልኬቱን በምን ነበር የወሰድሽው?»

«በማስመሪያ ነዋ። በምን ልውሰደው፣ በስንዝር?»

መለኪያውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። «ንድፉ ፋይሉ ውስጥ የለም።»

«እንጃ። መዝገብ ቤት ጠይቂ።»

«እሺ» አለች። ብቻ። እሺ።

ያቺ «እሺ» ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ቆየች።

ሰኞ፣ 99ኛ ቀን

ኃላፊው ቢሮ ገብታ በሩን ሳትዘጋ ተናገረች። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

«መለኪያው ስህተት ነው ጌታዬ። ሳላረጋግጥ ፈርሜያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የኔ ነው! ስሜን ሳትጠራ! ሰው ሁሉ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ጸሐፊዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት» ይላል መዝገብ ቤቱ። ጥፋቱን እንኳ ቀደመችኝ። የኔን ጥፋት ወስዳ ክብር አገኘችበት!

ከላይ ያለውን አንብቤ ደነገጥኩ። «የኔን ጥፋት» ብያለሁ። ይቀመጥ፤ አልሰርዘውም።

ኃላፊው ግን ሌላ ነገር አሉ። መለኪያዎቹ ይሰብሰቡ አሉ፤ ለፍርድ ቤት ደብዳቤ ለመጻፍ ግን አሻፈረኝ። «ስድሳውም አጥሯል ወይስ ጥቂቱ? ያሳጠረው ቆርቆሮ ሠሪው ነው ወይስ እኛ? ንድፉ ካልተገኘ ማኅተማችን የተመታበትን ዕቃ ሐሰት ነው ብዬ አልፈርምም።» የጋሼ ሶፋ ቀጠሮ ዐሥር ቀን ቀርቶታል።

ወረቀቱ ደብተሬ ውስጥ ነው። ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቦርሳዬ እግሬ ስር ነበር።

ዓርብ፣ 103ኛ ቀን

ጸሐፊዋ ሻይ ይዛልኝ መጣች፤ አንድ ቀን አድርጋው አታውቅም። አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ያቺን ማስመሪያ እንዴት ነው የያዝሻት?»

«ምን ሆነች?»

«ጫፏ ተሰንጥቆ ሹራቤን እየጎተተ አስቸገረኝና አምና በመጋዝ ቆረጥኳት። ግማሽ ትጎድላለች። ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ግማሽ ጨምረን ነው የምንለካባት። ቀለሜ በመጣች በሳምንቷ ጠይቃ አወቀች። ላንቺ ልነግርሽ ስል…» አልጨረሰችውም።

አስታወስኩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ።

መሳቢያዋን ከፍታ ማስመሪያዋን አሳየችኝ። «አንድ» ከሚለው ቁጥር በፊት ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ማንም ያየዋል። ያየሁት ግን ቁጥሩን ነው፤ ስምንቷን።

አንድ ቃል ብሰማ ኖሮ። እሱን እንኳ መስማት ያቃተኝ የተናገረችው ሴት «አዲሷ» ስላለችኝ ነው። ለዚህ።

ሰኞ፣ 106ኛ ቀን

ግቢ ውስጥ። ጋሼ ሶፋ ጨርቅ በመቀስ እየቆረጡ አገኘኋቸው። ወፍራም ጨርቅ ነው፣ መቀሱ ያኝከዋል። አፋቸው ውስጥ ምስማር የለም፤ ወሬም የለም።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?»

«ደህና ዋልሽ» አሉ። ጠበቃዬ አላሉም።

«እኔ ነበርኩ እኮ ይፈቀዳል ያልኩዎት። ለአስከባሪዎቹ ነገሯቸው?» አልኳቸው።

መቀሱን አስቀመጡ። «ጠየቁኝ። ማን ነው ልክ ነው ያለህ አሉኝ። ራሴ ለካሁ አልኩ።»

«ለምን?»

«እንዴ! ሥራ ጀማሪ ነሽ። መሥሪያ ቤትሽ ስምሽን በክስ መዝገብ ቢሰማ ቋሚ ያደርግሻል? እኔስ ምን እሆናለሁ፣ ሽማግሌ ነኝ።» ከዚያ ሚስታቸው በር ላይ ብቅ ስትል ድምፃቸውን ቀነሱ። «እሷ ተቀይማሻለች፣ አትፍረጂባት። ፈቃዱ ካልታደሰ እንዴት እንደምንሆን እንጃ ብላ ነው።»

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሰንጢዋን የለካሁበት ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ መሬት ተቀመጥኩ።

ሦስት ዓመት ከኔ በላይ የተኛች ልጅ ጥፋቴን ወሰደች። ከትይዩ ያሉ ሽማግሌ ስሜን ደበቁልኝ። እኔ የወሰድኩት ወረቀት ነው።

ረቡዕ፣ 108ኛ ቀን

ጠዋት። ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ ማስመሪያዋን ከጎኑ። በሩን አልዘጋሁም፤ ቀለሜም አልዘጋችም ነበር፣ በዚህ እንኳ አላንስም።

«የት ነበር?»

«እኔ ዘንድ። ሃያ ሁለት ቀን።»

ቆመው አነበቡት፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ፊደል ሳይቀር። «ነገ ፍርድ ቤት ራስሽ ትዪዋለሽ» አሉ። «የሙከራሽን ነገር በኋላ እናወራለን።»

የምናወራው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ሐሙስ፣ 109ኛ ቀን

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ጨርቅ የላቸውም። ጋሼ ሶፋ በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ ሲያደርጓቸው አየሁ፤ ልማድ ነው።

ዳኛዋ ንድፉንና ማስመሪያዋን ተቀብላ አገላበጠች። «አሳዪን» አለችኝ። «ያን ቀን እንዴት ለካሽ?»

ሰው ሁሉ ፊት ማስመሪያዋን ወረቀቱ ላይ አስጠግቼ አሳየሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ያ የማይንቀጠቀጠው።

«ከየት ጀምረሽ?»

«ከተቆረጠው ጫፍ፣ ክብርት ዳኛ።»

«መቆረጡን የነገረሽ ሰው አልነበረም?»

ጸሐፊዋ የለችም ነበር። ማንም አያውቅም። «ልትነግረኝ የጀመረች ሰው ነበረች» አልኩ። «አቋረጥኳት።»

ሰንጢዋ በትክክለኛ ሜትር ተለካች፤ ሰባት ከስምንት። የመጀመሪያው ክስ ውድቅ ሆነ። ለሁለተኛው ዐቃቤ ሕጉ ራሱ አልቀጥልም አለ። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት አርባ አንዱም እንደገና እንዲለኩ ታዘዘ። ጋሼ ሶፋ ሰንጢያቸውን ተቀብለው ከፈቷት፣ አጠፏት፣ ከፈቷት። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ጉሮሮውን ጠረገ። ኪሳቸው ከተቷት።

ውጪ ቀለሜ ቆማለች። ጃንጥላዋ ታጥፏል፤ ዛሬ አይዘንብም።

«አውቀሽ ነበር?» አልኳት።

«ወረቀቱ ሲጠፋ። ያንን ፋይል የምንነካው ሁለት ነን፤ እኔ አልወሰድኩትም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰው ፊት ብናገርሽ ወረቀቱን ትቀዳድጂዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌው ደግሞ ወረቀቱ ያስፈልጋቸዋል።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «እስከ ዛሬ ጠዋት ባታመጪው ቤትሽ መጥቼ ልነጥቅሽ ነበር፣ እውነት። ሦስት ዓመት ካንቺ በላይ ተኝቻለሁ። ስትናደጂ እንደምትቀዳድጂ አውቃለሁ።»

እውነቷን ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ የሷን ማስታወሻ ቀድጃለሁ፤ ነፋስ ነው ብያት ነበር።

ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቀኝ ነበር። እኔ ስለሷ ምን አውቃለሁ? ውጤቷን።

ሰኞ፣ 120ኛ ቀን

ቀለሜ ቋሚ ሆነች። የኔ ሙከራ አልተራዘመም። ኃላፊው የምስክር ወረቀቴን ቆመው ሰጡኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ቆመው ነው።

ጸሐፊዋ አቀፈችኝ። «የኔ ልጅ» አለችና ስሜን ጠራችው፣ ሙሉ ስሜን፣ በመጨረሻው ቀን። ለካ ታውቀው ኖሯል።

እማዬ ደወለች። አስቀድሜ «ቦታውን ቀለሜ አገኘች» አልኳት። «ይገባታል» አልኩ። ዛሬም እቀናለሁ። በፊቷ፣ በወንበሯ፣ በዚያች «እሺ»ዋ ሳይቀር።

ሐሙስ (ቀን መቁጠር ትቻለሁ)

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ሶፋ ናቸው፤ ሰንጢና ሜትር ይዘዋል፣ ምስማር አፋቸው ውስጥ።

«ጠበቃዬ፣ ትናንት ስያታለሁ። ልኪልኝ።»

«እኔ? ሌላ ሰው ቢያዩ አይሻልም?»

«ማንን? በዚህ ከተማ ማስመሪያ የሚጀምርበትን ቦታ እንዳንቺ ተጠንቅቆ የሚያይ ሰው አሁን የለም።»

የሜትሩን ጫፍ በጥፍሬ ዳሰስኩ። ሙሉ ነው። ከእጀታው አስጠግቼ ለካሁ፤ ገልብጬ ለካሁ። ሰባት ከሰባት።

«ጻፊልኝ» አሉ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ርዝመቱን፣ ቀኑን፣ ከየት እስከ የት እንደተለካ ጻፍኩ። ከስሩ ስሜን ሙሉውን አሰፈርኩ። አጥፈው ከሰንጢዋ ጋር ኪሳቸው ከተቱት።

«የዛሬው ሥራ የት ነው?» አልኳቸው።

ምስማሮቹን ካፋቸው አወጡ፤ ነገር ሲከብዳቸው ነው የሚያወጧቸው። «እ… የድሮ መሥሪያ ቤትሽ ነው። ያቺ ጓደኛሽ፣ የተሰጣት ወንበር ስፖንጁ አልቋል አሉ። ስስ ላድርግላት፣ ወይስ ደህናውን?»

«ደህናውን ያድርጉላት» አልኩ።

ሁለቴ ነው ያልኩት። የመጀመሪያው ድምፅ አልወጣውም ነበር።